ትራንዛክሽን የት ይከፈት፣ የት ይዘጋ?

ከሒሳብ «ሀ» 300 ተቀንሶ ሒሳብ «ለ» ላይ ይጨመር እንበል። ለተጠቃሚው ይህ አንድ ነገር ነው። ለዳታቤዙ ግን ሁለት ትእዛዝ ነው፤ አንዱ አፕዴት ይቀንሳል፣ ሌላው ይጨምራል። በመካከላቸው ሰርቨሩ ድርግም ቢል 300ው ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ትራንዛክሽን የሚባለው እነዚህን ትእዛዞች አንድ ላይ የሚያስረው ነገር ነው። ወይ ሁለቱም ይጸናሉ፣ ወይ ሁለቱም እንዳልተደረጉ ይቆጠራሉ። መሀል ላይ መቅረት የለም።

ይህን ማንም ፕሮግራመር ገና ሲጀምር ይማረዋል። ቢጊን ብሎ ይከፍታል፣ ይሠራል፣ ኮሚት ብሎ ያጸናል፤ ከተበላሸ ሮልባክ ብሎ ይሰርዛል። ሦስት ቃል ናት፤ ምን ይከብዳል? ከባዱ ወሰኑ ነው። ማን ይከፍታል፣ ማን ይዘጋል፣ ተከፍቶ ሳለ ምን ምን ይሠራል፣ ሳይሳካ ሲቀር ማን ይደግማል? ዳታቤዙ እነዚህን አይመልስልንም። መመለስ ያለበት የራሳችን ኮድ ነው።

ዳታቤዙ ቃል የገባው

ከዚህ ሐሳብ ጋር ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ሰው ጂም ግሬይ ነው። በዳታቤዝና በትራንዛክሽን ላይ በሠራው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1998 የቱሪንግ ሽልማት ተሸልሟል። «አሲድ» የሚለውን ምህጻረ ቃል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጡት ቴዎ ሄርደርና አንድሪያስ ሮይተር ናቸው። አራት ባሕርያትን ይጠቀልላል፦ ሁሉም ወይም ምንም፣ ሕግ አለመጣስ፣ እርስ በርስ አለመረባበሽ፣ ከኮሚት በኋላ አለመጥፋት።

አራቱ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዳታቤዙ ራሱ ይወጣቸዋል። ለውጡን ወደ ዋናው ፋይል ከመክተቱ በፊት ሎግ ላይ ይጽፈዋል። ኮሚት ሲባል ያ ሎግ ዲስክ ላይ መድረሱን ሳያረጋግጥ «እሺ» አይልም። መብራት ጠፍቶ ቢመለስ ሎጉን አንብቦ ያለቀውን ያጸናል፣ ያላለቀውን ይጥላል። ሁለተኛው በከፊል የእኛ ዕዳ ነው፤ ቀሪ ሒሳብ ከዜሮ በታች እንዳይወርድ ከፈለግን ሕጉን እኛው መጻፍ አለብን። ሦስተኛው፣ ማለትም እርስ በርስ አለመረባበሹ፣ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ የላላ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሳይታወቅ የሚከፈተው

ቢጊን ሳንል አንድ አፕዴት ብንልክ ምን ይሆናል? እንደ መሣሪያው ነው። ጃቫን ከዳታቤዝ ጋር በሚያገናኘው በጄዲቢሲ የተከፈተ ኮኔክሽን ካልነካነው አውቶኮሚት ላይ ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ ለብቻው ትራንዛክሽን ሆኖ ወዲያው ይጸናል። የፓይተኑ ፍሬምወርክ ጃንጎም እንዲሁ ነው። ፓይተንን ፖስትግሬስ ከሚባለው ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ሳይኮፒጂ ግን ተቃራኒው ነው። የመጀመሪያዋ ትእዛዝ ስትላክ፣ ተራ ሴሌክትም ብትሆን፣ ትራንዛክሽን በዝምታ ይከፈታል። ኮሚት ወይም ሮልባክ እስክንል ክፍት ሆኖ ይቆያል። «ኢንሰርት አድርጌያለሁ፣ ስህተትም አልመጣ፣ ዳታው ግን የለም» የሚለው የጀማሪ እሮሮ ምንጩ ብዙ ጊዜ ይኼው ነው።

ትራንዛክሽን የሚኖረው ደግሞ አንድ ኮኔክሽን ላይ ነው። ይህቺ ነገር ቀላል ትመስላለች፤ ግን ስንት ኮድ አበላሽታለች። ኖድ ላይ በኮኔክሽን ፑል፣ ማለትም ተከፍተው በሚጠብቁ የጋራ ኮኔክሽኖች ስብስብ፣ የሚሠራ ሰው እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ ለፑሉ ቢጊን ይልካል፣ ለፑሉ ሁለቱን አፕዴት ይልካል፣ ለፑሉ ኮሚት ይልካል። ሲነበብ ያምራል። ፑሉ ግን እያንዳንዱን ትእዛዝ በዚያች ቅጽበት ነጻ ላገኘው ኮኔክሽን ይሰጠዋል። ቢጊኑ በአንዱ፣ አፕዴቶቹ በሌላ፣ ኮሚቱ በሦስተኛ ሊሄዱ ይችላሉ። ያኔ አፕዴቶቹ ያለ ምንም ትራንዛክሽን ይጸናሉ። ቢጊን የተባለው ኮኔክሽን ደግሞ ትራንዛክሽኑ እንደተከፈተ ወደ ፑሉ ተመልሶ የሌላ ሪኩዌስት እጅ ይገባል።

የጻፈው ሰው ላፕቶፑ ላይ ብቻውን ሲሞክረው ምንም አይታየውም። አንድ ሰው ብቻ ስለሚጠቀም ፑሉ ያንኑ ኮኔክሽን ይመላልሳል። ጉዱ የሚወጣው ተጠቃሚ ሲበዛ ነው። መድኃኒቱ አጭር ነው፦ ከፑሉ አንድ ኮኔክሽን መረከብ፣ ከቢጊን እስከ ኮሚት ሁሉንም በእሱ መላክ፣ ሲያልቅ መመለስ። ውስጥ የሚጠሩ ፈንክሽኖችም ያንኑ ኮኔክሽን መቀበል አለባቸው። አንዷ ፈንክሽን ረስታ ፑሉን በቀጥታ ከጠራች ሥራዋ ከትራንዛክሽኑ ውጭ ነው።

ፍሬምወርኩ ሲዘጋልን

በእጅ ሲጻፍ ቅርጹ የታወቀ ነው። ትራይ ውስጥ ሥራውና ኮሚቱ፣ ካች ውስጥ ሮልባኩ፣ ፋይናሊ ውስጥ ኮኔክሽኑን መመለሱ። ካቹ ውስጥ ሮልባክ ካደረግን በኋላ ስህተቱን መልሰን ወደ ላይ መልቀቅ አለብን፤ አለበለዚያ የጠራን ኮድ ሁሉም ሰላም ነው ብሎ ይቀጥላል። ይህንን በየፋይሉ መደጋገም አልመክርም፤ አንድ ቀን አንዱ ቦታ ላይ መረሳቱ አይቀርም። ፍሬምወርኮች የተዘጋጀ ብሎክ አላቸው። ጃንጎ «አቶሚክ» ይለዋል፤ የጃቫው ስፕሪንግ ላይ «ትራንዛክሽናል» የሚል አኖቴሽን፣ ማለትም ምልክት፣ ሜተዱ ላይ ይለጠፋል። ብሎኩ በሰላም ካለቀ ኮሚት፣ ስህተት ካመለጠ ሮልባክ።

ችግሩ አኖቴሽኑን ለጥፎ መርሳቱ ነው። ስፕሪንግ ላይ የራሱ የሆነ ልማድ አለ። ራንታይም ኤክሴፕሽን ወይም ኤረር ሲወረወር ሮልባክ ያደርጋል። ቼክድ ኤክሴፕሽን (ጃቫ ያዙት ወይም አሳውቁት ብሎ የሚያስገድደው ዓይነት ስህተት) ሲወረወር ግን፣ ካላዘዝነው በስተቀር፣ ኮሚት ያደርጋል። አዎ፣ ስህተት ተወርውሮ፣ ፈንክሽኑ ሳይጨርስ ወጥቶ፣ ግማሹ ሥራ ይጸናል። የፋይል ስህተት የሚወረውር ኮድ መሀል ላይ ካለ 300ው ተቀንሶ ሳይጨመር ሊጸና ይችላል ማለት ነው። «ሮልባክ ፎር» በሚለው ቅንብር ሁሉንም ኤክሴፕሽን እንዲያካትት መንገር ይቻላል፤ በእኔ አስተያየት ከመጀመሪያውም እንደዚያ መሆን ነበረበት።

ሁለተኛው የስፕሪንግ ወጥመድ እዚያው ክላስ ውስጥ መጠራራት ነው። አኖቴሽኑ የሚሠራው ከውጭ የሚመጣው ጥሪ በፕሮክሲ፣ ማለትም ስፕሪንግ ክላሱ ፊት ባስቀመጠው አማላጅ፣ በኩል ሲያልፍ ነው። አንዱ ሜተድ እዚያው ክላስ ውስጥ ያለውን ሌላ ሜተድ ሲጠራ ፕሮክሲው አይነካውም። አኖቴሽኑ እዚያ ተለጥፏል፤ ይታያል፤ ትራንዛክሽን ግን የለም። ስህተትም አይጮህም።

ጃንጎ ላይ ደግሞ ስህተትን አቶሚክ ብሎኩ ውስጥ ካች ማድረግ አይመከርም። ብሎኩ ስህተት መኖሩን የሚያውቀው ሲያልፍበት ነው። ውስጥ ከዋጥነው ምንም አያውቅም። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ፖስትግሬስ በትራንዛክሽን መካከል አንድ ትእዛዝ ከተሰናከለበት ቀሪውን አልሰማም ይላል፤ ከዚያ በኋላ የምንልከው ሁሉ እስከ ሮልባክ ድረስ ይመለሳል። ስለዚህ ትራዩ ከብሎኩ ውጭ ይቀመጥ። አንድ ትእዛዝ ሊሰናከል እንደሚችል ታውቆ ቀሪው እንዲቀጥል ከተፈለገ ሴቭፖይንት የሚባል ነገር አለ። እዚያች ነጥብ ድረስ ብቻ ተመልሶ መቀጠል ያስችላል። ጃንጎ ላይ አቶሚክ ውስጥ ሌላ አቶሚክ ሲከፈት የሚሆነው ይኼው ነው።

ትራንዛክሽን ውስጥ ትራንዛክሽን ሲመጣ ስፕሪንግ ሌላ ምርጫ ያቀርባል። ካልነካነው የውስጠኛው ከውጭው ጋር አንድ ይሆናል። የውስጠኛው ተሰናክሎ የውጭው ስህተቱን ቢውጠውም ትራንዛክሽኑ አንዴ ለሮልባክ ተፈርዶበታል። መጨረሻ ላይ ኮሚት ሲባል ያልተጠበቀ ሮልባክ የሚል ስህተት ይመጣል፤ ሎጉን የሚያነብ ሰው ከየት መጣ ብሎ ይደናገጣል። «ሪኳየርስ ኒው» የሚለውን ከመረጥን ደግሞ የውስጠኛው ራሱን የቻለ ትራንዛክሽን ይሆናል። ለዚህ ግን ሁለተኛ ኮኔክሽን ይወስዳል፤ የመጀመሪያውም አልተለቀቀም። ሂካሪ የሚባለው ፑል ካልቀየርነው 10 ኮኔክሽን ብቻ ይይዛል። 10 ሪኩዌስቶች በአንድ ጊዜ መጥተው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ከያዙ በኋላ ሁለተኛ ቢጠይቁስ? ሁሉም ሌላው እስኪለቅ ይጠብቃል፤ የሚለቅ ግን የለም። ከ30 ሰከንድ በኋላ ታይምአውት ይመጣል። ዳታቤዙ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ

አሁን ወደ አለመረባበሹ እንመለስ። ሒሳብ «ሀ» ላይ 1000 አለ። ሁለት ሪኩዌስቶች በአንድ ቅጽበት ይመጣሉ፤ ሁለቱም 700 ማውጣት ይፈልጋሉ። ኮዱ በሴሌክት ያነባል፣ በኢፍ በቂ መሆኑን ያያል፣ ይቀንሳል፣ በአፕዴት አዲሱን ቁጥር ይጽፋል። ሁሉም በትራንዛክሽን ታስሯል።

አንደኛው 1000 አነበበ። ሁለተኛውም 1000 አነበበ። ሁለቱም «ይበቃል» አሉ። አንደኛው 300 ብሎ ጽፎ ኮሚት አደረገ። ሁለተኛውም 300 ብሎ ጽፎ ኮሚት አደረገ። 1400 ወጣ፤ ሒሳቡ ላይ 300 ቀርቷል ይላል። ስህተት የሚል መልእክት የትም የለም።

ትራንዛክሽኑ ታዲያ ምን ይሠራ ነበር? የተቀናበረውን። የኤስኪውኤል ስታንዳርድ እ.ኤ.አ. በ1992 ትራንዛክሽኖች ምን ያህል እንደማይረባበሹ የሚወስኑ አራት ደረጃዎችን አስቀምጧል፦ ሪድ አንኮሚትድ፣ ሪድ ኮሚትድ፣ ሪፒተብል ሪድ፣ ሲሪያላይዘብል። ፖስትግሬስ፣ ኦራክልና ኤስኪውኤል ሰርቨር ካልተነካኩ ሪድ ኮሚትድ ላይ ናቸው። ማይኤስኪውኤል በኢኖዲቢ፣ ማለትም ዳታውን በሚያከማችለት ክፍል፣ ሪፒተብል ሪድ ላይ ነው። ሪድ ኮሚትድ ቃል የገባው አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ኮሚት ያላደረገውን አላሳይህም። ካነበብክ በኋላ ማንም አይነካውም አላለም።

ስማቸውን አይቶ መተማመን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ይህንኑ ምሳሌ ፖስትግሬስ ላይ በሪፒተብል ሪድ ብናስኬደው ሁለተኛው አፕዴት በስህተት ይመለሳል፤ ካነበብክ በኋላ ረድፉ ተቀይሯል ይላል። ማይኤስኪውኤል ላይ በዚያው ስም ብናስኬደው ያልፋል፤ 1400ው ይወጣል። ስሙ አንድ፣ ጠባዩ ሁለት። የስታንዳርዱ ትርጓሜ ራሱ ክፍተት እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ1995 ጂም ግሬይ ያለበት ቡድን በጥናት ጽፎ አሳይቷል። ስለዚህ የምንጠቀምበትን ዳታቤዝ ሰነድ ማንበብ ግድ ነው።

ለ700ው ጉዳይ ብዙ መፍትሔ አለ። እኔ መጀመሪያ የምሞክረው ስሌቱን ለራሱ ለዳታቤዙ መስጠት ነው። አፕዴቱ «ቀሪውን በ700 ቀንስ፣ ቀሪው 700 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ» ብሎ ይጻፋል። ከዚያ ስንት ረድፍ ተነካ ብሎ ማየት ነው። 1 ካለ ተሳክቷል፤ 0 ካለ በቂ አልነበረም። ሁለተኛው ሪኩዌስት የመጀመሪያውን ኮሚት ጠብቆ አዲሱን 300 ያያል፤ 0 ይዞ ይመለሳል። አጭርና ፈጣን ነው።

ስሌቱ በአንድ ትእዛዝ የማያልቅ ከሆነ «ሴሌክት ፎር አፕዴት» አለ። እያነበበ ረድፉን ይቆልፋል፤ ሌላው ለመጻፍ ወይም እሱም ለመቆለፍ ከመጣ ይጠብቃል። ተጠቃሚው ፎርም ከፍቶ የሚያስተካክልበት ሥራ ከሆነ ግን መቆለፍ አይሆንም፤ ሰውዬው ሻይ ሊጠጣ ሊወጣ ይችላል። ለዚያ የቨርዥን ኮለም ይሻላል። ስናነብ ቁጥሩ 7 ከነበረ አፕዴቱ «7 ከሆነ ጻፍና 8 አድርገው» ይላል። 0 ረድፍ ከተነካ ሌላ ሰው ቀድሞናል። የጃቫው ሃይበርኔት በ«ቨርዥን» አኖቴሽን ይህንን በራሱ ይሠራል።

እነዚህ ሁሉ የሚያድኑት ሁለቱም አንድ ረድፍ ላይ ሲጋጩ ነው። ሳይጋጩስ? አንድ ሲስተም ቢያንስ አንድ አድሚን ይኑረው የሚል ሕግ አለ እንበል። ሁለት አድሚኖች አሉ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ከሥልጣን ያወርዳሉ። የእያንዳንዳቸው ትራንዛክሽን ቆጥሮ «ሁለት አሉ፣ አንዱ ቢወርድ ችግር የለም» ይላል። እያንዳንዱ የሚነካው የራሱን ረድፍ ነው፤ ግጭት የለም። ሁለቱም ይጸናሉ። አድሚን የሌለው ሲስተም ቀረ። ይህንን የሚይዘው እውነተኛ ሲሪያላይዘብል ነው። ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. ከ2011ዱ 9.1 ቨርዥን ጀምሮ አለው። ኦራክል ሲሪያላይዘብል የሚለው ግን ይህንን ያሳልፋል።

ሳይሳካ ሲቀር

ከፍ ያለ ደረጃ መምረጥ ዋጋ አለው፤ ዳታቤዙ አንዳንዴ «አልቻልኩም፣ እንደገና ሞክር» ይላል። ፖስትግሬስ ላይ ኮዱ 40001 ነው። ዴድሎክ፣ ማለትም ሁለቱ አንዱ ሌላው የቆለፈውን እየጠበቀ መቆም፣ ከሆነ ደግሞ 40P01፤ ማይኤስኪውኤል ላይ 1213። እነዚህ ብልሽት አይደሉም፤ የስምምነቱ አካል ናቸው። ኮዳችን ተቀብሎ መድገም አለበት።

አደጋገሙ ላይ ግን ብዙ ሰው ይስታል። የተሰናከለችውን የመጨረሻ ትእዛዝ ብቻ መልሶ መላክ ዋጋ የለውም። ከቢጊን ጀምሮ፣ ንባቡንም ጨምሮ፣ ሁሉም ይደገማል፤ ምክንያቱም ቀድሞ ያነበብነው አርጅቷል። በሙከራዎቹ መካከል ትንሽ የዘፈቀደ እረፍት ይግባ፤ አለበለዚያ የተጋጩት ሁለቱ እኩል ተነስተው እኩል ይጋጫሉ። የሙከራው ብዛትም ይወሰን። ማይኤስኪውኤል ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። 1205 የሚለው የመቆለፊያ ታይምአውት፣ ካልቀየርነው ከ50 ሰከንድ በኋላ የሚመጣው፣ የሚሰርዘው ያችን አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው። ትራንዛክሽኑ ክፍት ነው። ሮልባክ ማለት የእኛ ፋንታ ነው።

ዴድሎክን ለመቀነስ ደግሞ የመቆለፊያ ቅደም ተከተል መወሰን ይበቃል። አንዱ ከ«ሀ» ወደ «ለ»፣ ሌላው ከ«ለ» ወደ «ሀ» ሲያስተላልፉ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሁልጊዜ ትንሹን የመለያ ቁጥር አስቀድመን ከቆለፍን አይያያዙም።

ተከፍቶ ሳለ የማይሠራ ነገር

በተከፈተ ትራንዛክሽን መካከል የሌላ ድርጅት ኤፒአይ የሚጠራ ኮድ የጋራ ክፍሉን ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ስልክ ሊያወራ እንደወጣ ሰው ነው። ያ ኤፒአይ 20 ሰከንድ ቢወስድበት ኮኔክሽኑ ለ20 ሰከንድ ተይዟል፤ የቆለፍናቸው ረድፎችም እንዲሁ። ፖስትግሬስ ላይ ከዚህም የከፋ መዘዝ አለው። ለረጅም ጊዜ የቆየ ትራንዛክሽን ቫኪዩም የሚባለው የፖስትግሬስ ጽዳት ሠራተኛ አሮጌ ረድፎችን እንዳያጸዳ ያግዳል፤ ቴብሉ ያብጣል፣ ኪዩሪዎች ይዘገያሉ። ሥራ ፈትተው ክፍት የቀሩትን ፖስትግሬስ በራሱ እንዲዘጋቸው ከ9.6 ጀምሮ የታይምአውት ቅንብር አለ፤ ካላበራነው ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ቢበራ ይሻላል።

ኢሜይል መላክም ያው ነው፤ እንዲያውም ሌላ ጣጣ ይጨምራል። «ክፍያዎ ተሳክቷል» የሚለው መልእክት ከሄደ በኋላ ሮልባክ ቢመጣ ዳታቤዙ ይመለሳል፣ ኢሜይሉ አይመለስም። ትራንዛክሽኑ ሲደገም ደግሞ ኢሜይሉም ይደገማል። ጃንጎ ላይ «ኦን ኮሚት» የሚባለው መንጠቆ ሥራውን ከኮሚቱ በኋላ ያስኬደዋል። ይህም ክፍተት አለው፤ ኮሚት ተደርጎ ኢሜይሉ ሳይላክ ሰርቨሩ ቢወድቅ መልእክቱ ይጠፋል። መጥፋት የማይገባው ከሆነ «ይህ ኢሜይል ይላክ» የሚለውን ራሱን እንደ አንድ ረድፍ፣ በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ፣ አውትቦክስ በሚባል ቴብል ላይ መጻፍ ነው። ሌላ ፕሮሰስ ቴብሉን እያነበበ ይልካል። ሥራውም መልእክቱም አብረው ይጸናሉ ወይም አብረው ይቀራሉ። የሚልከው ፕሮሰስ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ሊልክ ይችላል፤ ተቀባዩ ያንን መቻል አለበት።

የቀረችው ጠባብ ቀዳዳ ኮሚቱ ራሱ ነው። ኮሚት ብለን ልከን መልሱ ሳይመጣ ኔትወርኩ ቢቆረጥስ? ጸንቶ ይሁን ተሰርዞ ይሁን ከመልሱ አናውቅም። ዝም ብለን ብንደግም 300ው ሁለት ጊዜ ሊተላለፍ ይችላል። ለዚህ እያንዳንዱ ጥያቄ ከመነሻው የራሱ ልዩ ቁልፍ ይሰጠዋል። ቁልፉም በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ፣ ከሁሉም ትእዛዝ ቀድሞ፣ ዩኒክ በሆነ ኮለም ላይ ይጻፋል። ስንደግም ቁልፉ አስቀድሞ ካለ ኢንሰርቱ ይሰናከላል፤ የመጀመሪያው ጸንቶ ነበር ማለት ነው፤ ለተጠቃሚው «ተሳክቷል» እንለዋለን። ከሌለ ሥራው ይቀጥላል። የመጀመሪያው ትራንዛክሽን ገና ሳይወሰን በዳታቤዙ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቢሆንም ችግር የለም፤ ሁለተኛው ኢንሰርት የመጀመሪያው እስኪጸና ወይም እስኪሰረዝ ድረስ እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል።